ማዕዶት የጣለችው ስንዴ

በዚህ የፈረንጅ ከተማ አዲስ ዓመት ማለቂያ የለውም። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ፀጉር ቤት ከከፈትሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አሥራ አንዱንም ዓመት «እንኳን አደረሰሽ» ስል ነው የኖርሁት። ፈረንጁ በጥር ያከብራል። ከጎኔ ጥፍር የምትሠራው ካምቦዲያዊት ሚያዝያ ሲገባ ሱቋን ሦስት ቀን ዘግታ የእናት የአባቷን እጅ በአበባ ውሃ ታጥባለች፤ ስትመለስ እኔንም ትረጨኛለች፣ ያውም ብርዱ ሳይለቀን! ደንበኛዬ ኢብሲቱ ደግሞ «እኛም በበልግ መግቢያ እርጥብ ሣር ይዘን ከፍ ያለ ቦታ ወጥተን እናመሰግናለን» ትለኛለች። የመስከረሞቹ እኛ አለን። ታዲያ ይህን ሁሉ የማውቅ ሴትዮ የኢራኖቹ በመጋቢት መሆኑን ማወቅ አልነበረብኝም? አላወቅሁም። ጓደኛዬ ማዕዶትም አላወቀችም። በእኛ አለማወቅ አንዲት የሰማንያ አራት ዓመት ሴት ከገዛ ቤቷ ልትወጣ ነበር።

ማዕዶትን እዚህ ያለ ጴንጤ ሁሉ ያውቃታል። እሑድ እሑድ በር ላይ ቆማ ሰው የምታስቀምጠው፣ ረጅሟ፣ ሳቅ የማይቀናት፣ እሷ ነች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ደብረ ብርሃን ነው ያደገችው፤ እናቷ አረቄ አውጥታ እየሸጠች ስድስት ልጅ አሳድጋለች፣ አባቷ ደግሞ ያንኑ አረቄ ሲጠጣ ኖሮ በእሱው ሞቷል። ማዕዶት በአሥራ ሰባት ዓመቷ ጌታን ስትቀበል መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የእናቷን ብቅል እስከነዕቃው ወንዝ መወርወር ነው። እናቷ ዓመት ሙሉ አላናገረቻትም። «አሁንም ቢሆን እወረውረዋለሁ» ትላለች ስትነግረኝ፣ ቅንጣት አይቆጫትም። ይህ ጸባይዋ ነው። አንዴ ትክክል ነው ያለችውን ነገር ማንንም ሳትጠይቅ ታደርገዋለች፤ ስንት ጊዜ ተጣልተንበታል።

ሥራዋ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች ቤታቸው ሄዶ መርዳት ነው። አሥራ አራት ዓመት ሠርታበታለች፤ ሌላ ሥራ አታውቅም፣ ማወቅም አትፈልግም። ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒት ታስታውሳለች፣ የዋለችውን በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ ለሚቀጥራት ኤጀንሲ ትጽፋለች። ካለፈው ሚያዝያ ወዲህ ሆፕኪንስ በሚባል ሰፈር ፓርቪን የሚባሉ ኢራናዊት ጋ ነበረች። ማማ ፓርቪን ነው የምትላቸው። እዚያው ኢራን፣ ሺራዝ ከተማ ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ምላሳቸው የሚያቃጥል፣ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ባላቸው ሺራዝ ሳሉ እምድር ቤት ደብቀው የወይን ጠጅ ይጠምቁ እንደነበር እየሳቁ ለማዕዶት ያወሩላታል፤ እሷ ፊቷን ስታጨማድድ ደስ ይላቸዋል። «ማዕዶት ጃን፣ አንቺን ማሳቅ ድንጋይ ከማሳቅ ይከብዳል» ይሏታል፤ ጃን በእነሱ ቋንቋ ውዴ ማለት ነው። ትወዳቸው ነበር። በእኔ ፊት ስለሳቸው ክፉ ማውራት አይቻልም ነበር።

ናሂድ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ፋርማሲስት ነች። በበረዶው ወራት ማማ ፓርቪን አንድ ቀን ምድጃ ሳያጠፉ ወጡ፤ ሌላ ቀን ቁልፋቸው ፍሪጅ ውስጥ ተገኘ። ናሂድ ፈራች። ሮቢንስዴል በሚባል ሰፈር የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ሄዳ አየች፣ ስማቸውንም አስመዘገበች። እሳቸው ግን «ከዚህ ቤት የምወጣው ተሸክመውኝ ነው» አሉ። አፓርታማቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ነው፤ ከባላቸው ጋር ሃያ ዓመት የኖሩበት ነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ሐሙስ ነው፣ መጋቢት መጀመሪያ ላይ። ማዕዶት በሩ አጠገብ ያለውን የኮት ቁም ሳጥን ከቦት ጫማ የሚራገፈውን የበረዶ ማቅለጫ ጨውና ጭቃ ልታጸዳ ከፈተች። ከጫማዎቹ ኋላ፣ የማሞቂያው ቧንቧ በሚያልፍበት ጥግ፣ እርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን አገኘች። ጨርቁን ገለጠችው። ስንዴ! ውሃ ጠጥቶ ያበጠ፣ ሥሩ እርስ በርሱ የተቆላለፈ፣ ያቆጠቆጠ ስንዴ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። የአረቄ አውጪ ልጅ በጨለማ፣ በሙቅ ቦታ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ የበቀለ ስንዴ ስታይ ምን ትላለች? ብቅል ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ነው? ማማ ፓርቪን የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ጠርሙሱ ላይ መጠጥ ክልክል ነው ተብሎ ተጽፏል። ያ የባላቸው ምድር ቤት ትዝ አላት። አባቷም ትዝ አላት፣ በር ላይ እንደወደቀ። ለኤጀንሲው ብትጽፈው ደግሞ ናሂድ ሰምታ «ይኸው፣ ብቻዋን መኖር አትችልም» ልትል ነው። ስለዚህ ማንም ሳያይ ላድናቸው አለች። ማማ ፓርቪን ሶፋው ላይ እንዳሸለቡ ስንዴውን ኮሪደሩ ላይ ባለው የቆሻሻ ማውረጃ ለቀቀችው፣ ሳህኑን አጥባ ኩሽና መደርደሪያው ላይ መለሰችው። ከሺፍት ስትወጣ ደውላ «ዛሬ ጌታ በእጄ አንድ ነፍስ አዳነ» አለችኝ። እኔም ከት ብዬ ሳቅሁና «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም የሰው ብቅል መድፋት አልተውሽም?» አልኋት። ሳቅሁ፣ አዎ።

ቅዳሜ ማማ ፓርቪን ቤቱን ሲገለብጡት አገኘቻቸው። «ማዕዶት ጃን፣ ሳብዜዬን አይተሻል?» አሏት። ሳብዜ ምን እንደሆነ ስላላወቀች «አላየሁም» አለች። እሳቸውም ቁም ሳጥኑን ደጋግመው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ማዕዶት ብቅላቸውን አጥተው መሰላት።

ሰኞ ናሂድ መጣች። እናቷ ክንዷን ይዘው ቁም ሳጥኑ ፊት አቆሟት። «እዚህ ነው ያስቀመጥሁት። ስንዴ ነው። ላስደንቅሽ ብዬ ነው ያልነገርሁሽ» አሉ።

«እማዬ» አለች ናሂድ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፤ «ዘንድሮ አልዘራሽም። ሳህንሽ ያውልሽ፣ ኩሽና ታጥቦ ተቀምጧል።»

ማማ ፓርቪን ሳህኑን አዩት። ናሂድ ማዕዶትን ወደ ኩሽና ሳብ አድርጋ በስልኳ ያለፈውን ዓመት ፎቶ አሳየቻት። መስታወት የቆመበት ጠረጴዛ፣ ፖም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተቀባ ዕንቁላል፣ መኻሉ ላይ ደግሞ በቀይ ሪባን የታሰረ ለምለም የስንዴ ቡቃያ። «የእኛ አዲስ ዓመት ነው፣ ኖውሩዝ» አለቻት። «ጸደይ በሚገባባት ደቂቃ ነው የሚገባው። እናቴ ሁለት ሳምንት ቀድማ ስንዴ በጨለማ ታበቅላለች፤ ሳብዜ ነው የምንለው። በየዓመቱ እራሷ ነች። ያማረ እንደሆነ ዓመቱ ያምራል እንላለን። ዘንድሮ ግን የሌለ ነገር ዘርቻለሁ ብላ አምናለች። የሌለ ነገር እያየች ነው፣ ማዕዶት!» ለቅሶ አላስጨረሳትም። ዓርብ፣ የበዓሉ ዕለት፣ ከካውንቲው፣ ከአካባቢው መስተዳድር፣ ነርስ እንድትመጣና እንድትመረምራቸው ቀጠሮ ይዛለች። ነርሷ ብቻቸውን መኖር አይችሉም ካለች ሮቢንስዴል ያለው ክፍል ዝግጁ ነው።

ማዕዶት ክው አለች። ከዚያ ቀጥታ ወደ እኔ ነው ድራይቭ ያደረገችው። የኢብሲቱን ፀጉር እየሠራሁ ነበር። ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ዘጭ አለችና ሁሉንም ነገረችን።

«ነገ ጠዋት ሄጄ እናገራለሁ» አለች።

«ሞቼ ነው ቆሜ!» አልሁ ማበጠሪያውን ወርውሬ። «አብደሻል እንዴ? የሰው ዕቃ ጥለሽ፣ አላየሁም ብለሽ፣ ደግሞ ሄደሽ እኔ ነኝ ልትዪ? በስምሽ ሪፖርት ይጻፍብሻል! አንዴ ከተጻፈ በዚህ ስቴት አንድ አሮጊት አጠገብ አያስጠጉሽም። ዝም በይ!»

«ንገሪያቸው» አለች ኢብሲቱ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት። «ሴትዮዋ የለመኑበት ለምለም ነው የጣልሽው። ደግሞ አእምሯቸውን ልትወስጂ ነው?»

«አንቺ ራስሽን ቀጥ አድርጊ፣ ይበላሽብሻል!» አልኋት። ቱግ አልሁ። እውነቷን ስለሆነ ነው ቱግ ያልሁት፣ አሁን ነው የሚገባኝ። ማዕዶትን እጇን ይዤ «ስሚኝ፣ ዝም በይ፣ እኔ መላ አለኝ» አልኋት። ያቺ እናቷን እንኳ የማትፈራ ሴት ፈርታ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «እሺ» አለች።

መላዬ ይህ ነበር። የኢራን ሱቅ ፈልጌ የበቀለ ለምለም እገዛለሁ። ዓርብ ጠዋት ነርሷ ሳትመጣ በራሳቸው ሳህን ላይ አድርገን ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንመልሰዋለን። አለ ያሉት ነገር ይገኛል፤ ሴትዮዋ ያልተሳሳቱ ሆኑ፣ ማዕዶትም አልተነካች። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዴት የተዋጣለት መስሎኝ ነበር!

ያ ሳምንት ግን ለማዕዶት ሲኦል ነበር። ማታ ማታ ትደውልልኛለች። ማክሰኞ «ዛሬ አምስት ጊዜ ቁም ሳጥኑን ከፈቱ» አለችኝ። ረቡዕ «መቀለድ ትተዋል» አለች። «ልብሳቸውን ሳለብሳቸው፣ ማዕዶት፣ ይህን ሹራብ ትናንት ለብሼ ነበር ወይ? አሉኝ። አልለበሱም ስላቸው፣ እርግጠኛ ነሽ? አሉኝ። ሮማን፣ እኝህ ሴትዮ እርግጠኛ ነሽ ብለውኝ አያውቁም! እሳቸው ናቸው እርግጠኛዋ!» ናሂድ ሌላ ስንዴ እንዝራ ብላቸው ነበር፤ «ተይው፣ እጄን አላምነውም» ብለው እምቢ አሉ። እኔ በበኩሌ «ሁለት ቀን ነው የቀረው፣ ቻይው» እላለሁ። ዝም በይ ማለቴንም አልተውሁም።

ሐሙስ ኢራናዊ ሱቅ ሄድሁ። ባለ ሱቁ መስኮቱ ላይ አሥር አሥራ ሁለት ሳህን ለምለም ደርድሯል። አንዱን አነሳሁ፣ ከፈልሁ፣ በፎይል ጠቅልዬ ቤቴ አሳደርሁት። አዲስ አበባ ፒያሳ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ለእኔ አረንጓዴ አረንጓዴ ነው።

ዓርብ ጠዋት እርጥብ በረዶ ይጥል ስለነበር የማዕዶትን መኪና ትተን በእኔው ሄድን። ሆፕኪንስ ስንደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ በፈረንጁ ስምንት ተኩል። ማማ ፓርቪን መኝታ ቤት እየለበሱ ነው። ማዕዶት «መጣሁ» ብላ ገብታ በሩን ዘጋችባቸው። እኔ ሳህኑን ከኩሽናው መደርደሪያ አወረድሁ፣ ፎይሉን ፈታሁ፣ ባለ ሱቁ ያሰረበትን ሪባን በጥርሴ በጠስሁ፣ ለምለሙን አስቀምጬ ከጫማዎቹ ኋላ ገፋሁት። ላብ በላብ ሆንሁ። ልወጣ ስል በሩ ተከፍቶ ናሂድ ከነርሷ ጋር ገባች።

«የማዕዶት ጓደኛ ነኝ፣ በበረዶው ምክንያት አምጥቻት ነው» አልሁ።

«እንግዳማ ሳይቀመጥ አይሄድም፣ ዛሬ አዲስ ዓመት ነው» አለች ናሂድ። ዓይኗ ያበጠ ነው፣ እንደዚያም ሆና ወንበር ሳበችልኝ። እንዲህ ካለ ሰው ፊት ውሸት ይዞ መቀመጥ እንዴት እንደሚያቃጥል አትጠይቁኝ።

ጠረጴዛው ተዘርግቷል። መስታወት፣ ፖም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዕንቁላል። መኻሉ ባዶ ነው። ማማ ፓርቪን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው፣ ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተው መጡና ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ ሰዓት ይቆጥራል፤ ጸደይ የሚገባው በፈረንጁ ዘጠኝ ከአርባ ስድስት ላይ ነው ተብሏል።

ነርሷ ደግ ፊት ያላት ሴት ነች። ወረቀቷን አወጣች። «ዘመኑ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ማማ ፓርቪን ሰዓታቸውን አዩ። «ለሠላሳ አምስት ደቂቃ ያህል ገና አንድ ሺህ አራት መቶ አራት ነው። ከዚያ አራት መቶ አምስት ይገባል።»

የነርሷ እስክሪብቶ ቆመ። «ትክክል ናት፣ የእኛ አቆጣጠር ነው» አለች ናሂድ ፈጥና። እኔ ደግሞ አፌን መያዝ አቅቶኝ «የእኛም ገና ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ነው» አልሁ። ነርሷ ሳቀች። ማማ ፓርቪን ዞር ብለው አዩኝና ትንሽ ፈገግ አሉ። ነርሷ ሦስት ቃል ነገረቻቸው፣ ቁልፍ፣ ዝናብ፣ ድልድይ፤ ቆይታ ስትጠይቃቸው ሦስቱንም መለሱ። ልቤ መለስ አለ። አለቀ፣ ተረፉ አልሁ በሆዴ።

«ልጅዎ ስለ አንድ ስንዴ ጽፋልኛለች» አለች ነርሷ።

«ዘርቼ ነበር» አሉ ማማ ፓርቪን። ድምፃቸው ወረደ። «እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ። ከዚያ የለም።»

«አብረን እንየው?» ብላ ነርሷ ተነሳች። ከፈተች። ጎንበስ ብላ ሳህኑን አወጣችው።

ናሂድ እጇን በአፏ ጫነች። እኔ ደስታ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። «እማዬ» አለች፣ «እዚህ ነበር? ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ነበር?» ዞራ ለነርሷ «በቀን አምስት ጊዜ ይህን በር ትከፍት ነበር፣ ፊቷ ያለውን ነገር አላየችውም!» አለች።

ያኔ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። እኔ ሴትዮዋ እውነተኛ ይሆናሉ ብዬ ነበር፤ ለካ ዓይናቸው ፊት ያለውን የማያዩ አድርጌያቸዋለሁ! ነርሷ ትጽፋለች። ማዕዶት ግድግዳውን ተደግፋ ከንፈሯን ነክሳለች።

ማማ ፓርቪን ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ቅጠሉን በጣታቸው ዳበሱት። «ይህ ምስር ነው» አሉ። «እኔ የዘራሁት ስንዴ ነው።»

ምስር! ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ቅጠሉ ትናንሽ፣ ክብ ክብ ነው። ማዕዶት ዓይኗን ጨፈነች። እሷ ፎይሉ ሲፈታ ብታይ ኖሮ በአንድ እይታ ትለየው ነበር።

«እማዬ፣ በቃ» አለች ናሂድ እያለቀሰች። «ሳህኑ ያንቺ ነው፣ ቦታው ያንቺ ነው። የራስሽን ዘር ረሳሽ እንዴ?»

ማማ ፓርቪን ልጃቸውን አዩ፣ ነርሷን አዩ፣ ሳህኑን አዩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎች ማጨብጨብ ጀመሩ፤ አዲሱ ዓመት ገባ፣ ማንም ዞሮ አላየም። «ምናልባት ምስር ዘርቼ ይሆናል» አሉ። «አላውቅም። ናሂድ ጃን፣ ያ ቤት መስኮት አለው?»

ማዕዶት ከግድግዳው ተነሳች።

«እኔ ነኝ» አለች። እንግሊዝኛዋ ሁልጊዜ ቀስ ያለ ነው፤ ያን ቀን ግን እየሮጠ ወጣ። «ስንዴው ነበረ። እኔ ጣልሁት። በሀገሬ እንዲህ የሚበቅለው መጠጥ ለመጥመቅ ነው። መጠጥ መስሎኝ ጣልሁት፣ ሳህኑን እኔ አጠብሁት። ምንም አልረሱም።»

ናሂድ አልገባትም። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «እናቴን ስለምትወጃት ነው እንዲህ የምትዪው። እንዳትወሰድ ብለሽ ነው። አትዋሺልኝ እባክሽ!»

ዝም ልል እችል ነበር። ግን ማዕዶትን ውሸታም ስትባል ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልሁም፤ ቦርሳዬን ፈትሼ ደረሰኙን አወጣሁ። «ይህን ትናንት የገዛሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ዛሬ ጠዋት ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ምስር መሆኑን አላወቅሁም።» ነርሷ ደረሰኙን ተቀብላ ቀኑን አየች፣ ለናሂድ ሰጠቻት። ናሂድ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አንድ ሳምንት!» አለች ለማዕዶት። ድምፅዋ ሰለለ። «አንድ ሳምንት ሙሉ እናቴን አልዘራሽም፣ አልዘራሽም ስላት አጠገቤ ቆመሽ ሻይ ትቀጂ ነበር። ማወቅሽን አንድ ቃል ብትዪኝ ምን ነበረበት? ለምን ዝም አልሽ?»

ማዕዶት ወደ እኔ አልዞረችም። «ፈራሁ» አለች። በቃ፣ ያ ብቻ። እኔም እዚያው ወንበሬ ላይ የቦርሳዬን ዚፕ መልሼ ዘጋሁ።

«ኮትሽን ያዢና ውጪልኝ» አለች ናሂድ።

ማዕዶት ኮቷን አነሳች። እኔም ተከተልኋት። በሩ ላይ ስንደርስ ማማ ፓርቪን «ቆዪ» አሉ። «ምን ያህል ደርሶ ነበር?»

ማዕዶት ተመለሰች። አውራ ጣቷን በሌባ ጣቷ የመጀመሪያው አንጓ ላይ አድርጋ አሳየቻቸው። «ይህን ያህል። ነጭ ነበር፤ ጫፉ ብቻ አረንጓዴ መሆን ጀምሯል። ጥቅጥቅ ያለ፣ አንዷ ዘር እንኳ አልሞተችም።»

ማማ ፓርቪን ያችን ጣት ያዙ። አዩዋት፣ ጨበጧት፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያለቀሱ ነው። ለልጃቸው፣ ሁላችንም እንድንሰማ በእንግሊዝኛ፣ «አንድ ሳምንት ራሴን ፈራሁት» አሏት። «ሻይ አንስቼ፣ ይህ ሻይ በእውነት አለ ወይ? እል ነበር።» ናሂድ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና ፊቷን እናቷ ጉልበት ላይ ደፋች። ነርሷ ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ማማ ፓርቪን የማዕዶትን ጣት ለቀቁና «አሁን ሂጂ» አሏት። ክፋት የለበትም፣ ይቅርታም የለበትም።

ማማ ፓርቪን ከቤታቸው አልወጡም። ነርሷ ምድጃው ራሱ የሚጠፋ እንዲሆን፣ ረዳት በየቀኑ እንድትመጣ ብቻ ጻፈች፤ ሮቢንስዴል ያለውን ክፍል ናሂድ በዚያው ሳምንት ለቀቀችው። በየቀኑ የምትመጣዋ ረዳት ማዕዶት አይደለችም። ኤጀንሲው የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ደውሎ አሰናበታት፤ ሪፖርቱም ተጻፈባት። አሁን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ታሽጋለች።

ያን ዕለት ስንመለስ መኪና ውስጥ «ይቅር ይሉሽ ይሆናል» አልኋት።

«አይሉም። ደግሞስ ለምን ይላሉ?» አለች መስኮቱን እያየች። ዝም በይ ያልሽኝ አንቺ ነሽ እንድትለኝ ጠበቅሁ፤ ሆፕኪንስን አለፍን፣ ድልድዩን ተሻገርን፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ደረስን፣ አላለችኝም። ኧረ በይኝ፣ ስደቢኝ ልላት ነበር፤ አልወጣልኝም። እስከ ዛሬ ድረስ ናሂድም፣ ማማ ፓርቪንም፣ ኤጀንሲውም ያን ዝምታ የማዕዶት ብቻ አድርገው ነው የሚያውቁት።